አሮጌ ሲኒ ለአዲስ ጎጆ

በአንጋጫና በአካባቢዋ ባሉት የከምባታ ከተሞች ከመንደር ወደ መንደር የሚዘዋወረው የልዋጭ ነጋዴ ድምፅ ለማንም እንግዳ አይደለም። ነጋዴው አዲስ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ጆግና ባልዲ በትከሻው አንጠልጥሎ «ልዋጭ!» እያለ ሲያልፍ፣ የቤት እመቤቲቱ ያረጀ ልብስ፣ ያለቀ ጫማ፣ አንዳንድ ጊዜም በቁም ሣጥን ጥግ ተረስቶ የኖረ ሲኒ ወይም ሳህን ይዛ ብቅ ትላለች። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም፤ አሮጌው ይወጣል፣ አዲሱም ይገባል። እኛ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ያሰብነው ሐሳብ በዚህ ዓይነት ከቤት ስለሚወጣው ስለ አሮጌው ሲኒ፣ ስለ አሰባሰቡና ለወዳጅ ስጦታ ስለሚሆንበት መንገድ ነው።

ስለ አንድ ሲኒ ይህን ያህል መናገር ምን ቁም ነገር አለው የሚል ሰው አይጠፋ ይሆናል። ነገር ግን በሀገራችን ልማድ ሲኒ እንደ ማንኛውም የቤት ዕቃ የሚቈጠር አይደለም። ጎረቤት ተጠርቶ አቦል፣ ቶናና በረካ ሲቀዳ፣ የተጣላ ሲታረቅ፣ ኀዘንተኛ ሲጽናና፣ ልጅ ሲዳር፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው እርሱ ነው። በአንድ ቤት ሠላሳና አርባ ዓመት የኖረ ሲኒ የዚያን ቤት ደስታና ኀዘን አብሮ አሳልፏል ለማለት ይቻላል። እንዲህ ያለውን ዕቃ በአንድ የፕላስቲክ ጆግ ለውጦ መሸኘት የሚያስቈጭ መሆኑን የተረዳ ሰው፣ ከልዋጭ ነጋዴው ወይም ከቁራሌው ላይ መልሶ ገዝቶ፣ አጥቦና አጽድቶ ለወዳጁ ቢሰጠው፣ በጥቂት ገንዘብ ትልቅ ስጦታ አደረገ ማለት ነው።

ስሙና አመጣጡ

«ሲኒ» የሚለው ስም የዕቃውን ትውልድ ይነግረናል። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «የቻይና» ማለት ነው። ነጭና ስስ ሆኖ ብርሃን የሚያሳልፈውን የሸክላ ሥራ ለዓለም ያስተማሩት ቻይናውያን ስለ ሆኑ፣ የዐረብ ነጋዴዎች ዕቃውን በተገኘበት ሀገር ስም ጠሩት፤ እኛም ስሙን ከዕቃው ጋር ተቀበልን። እንግሊዞችም እስከ ዛሬ ድረስ ይህን የመሰለውን ዕቃ «ቻይና» እያሉ ይጠሩታል።

አሠራሩም የሚደነቅ ነው። ካኦሊን የሚባለው ነጭ አፈር፣ ፌልድስፓርና ኳርትዝ ከሚባሉት ማዕድናት ጋር ተፈጭቶና ተለውሶ፣ 1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ በሆነ ሙቀት ይተኰሳል። በዚያ ሙቀት ውስጥ ከፊሉ ቀልጦ እንደ መስተዋት ይሆንና የቀረውን አንድ አድርጎ ያያይዘዋል፤ ከዚህም የተነሣ ውሃ የማያስገባ፣ ጠንካራና ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ ይሆናል። የእኛ ጀበና ከዚህ በጣም ባነሰ ሙቀት ስለሚተኰስ አካሉ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፤ ውሃም በጥቂቱ ይመጣል።

አውሮፓውያን የቻይናውያንን ምሥጢር ለማወቅ ብዙ ዘመን ደክመዋል። በመጨረሻ በ1708 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በሳክሶኒ ተሳካላቸውና በ1710 እ.ኤ.አ. በማይሰን ከተማ ፋብሪካ ተቋቋመ። እንግሊዞች ደግሞ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ የከብት አጥንት ዐመድ ከአፈሩ ጋር እየቀላቀሉ «ቦን ቻይና» የተባለውን፣ ማለትም የአጥንት ሲኒ የሚሉትን መሥራት ጀመሩ። በዚህ ዓይነቱ ሲኒ ውስጥ የአጥንቱ ዐመድ እስከ ግማሽ ይደርሳል። ይህን የሰሙ አንዳንድ እናቶች «በጾም ቀን በእርሱ መጠጣት ይገባልን?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። አጥንቱ በመጀመሪያ ተቃጥሎ ዐመድ ይሆናል፤ ከዚያም ከአፈሩ ጋር እንደ ገና በከባድ እሳት ያልፋል፤ ሥጋና ስብ የሚባል ነገር በውስጡ አይቀርም። የሆነ ሆኖ ሕሊናው ያላረፈለት ሁሉ የንስሐ አባቱን ቢጠይቅ መልካም ነው።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ፣ የሩቅ ምሥራቅ ሸክላ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ የትናንት ነገር አይደለም። በድሬዳዋ አቅራቢያ በሐርላ በተደረገው የመሬት ቁፋሮ ከየመን፣ ከማልዲቭ፣ ከማዳጋስካርና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች፣ የሸክላ ስብርባሪዎችም ጭምር፣ መገኘታቸው በ2009 ዓ.ም. ተገልጧል። በብዙ የክርስቲያን ቤት ግን የቡና ሲኒ ዕድሜ ያን ያህል ረዥም አይደለም። የታሪክ ጸሓፊዎች እንደሚነግሩን እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ድረስ ቡና መጠጣት በክርስቲያኑ ዘንድ የሚነወር ነበር። በኋላ ግን ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ስለሚጠጡና ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ ስላለዘቡ፣ ነውርነቱ እየቀረ ሄደ። ስለዚህ ዛሬ በየቤታችን የምናየው ረከቦት አያቶቻችንና ቅድመ አያቶቻችን በድፍረት የጀመሩት ልማድ ምስክር ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ጥንታዊው የቻይና የሻይ ሲኒ ጆሮ አልነበረውም፤ በእጅ መዳፍ ታቅፎ የሚጠጣ ነበር። ጆሮ የጨመሩለት አውሮፓውያን ናቸው። እኛ ቡና የምንጠጣበት ጆሮ የሌለው ትንሽ ሲኒ እንግዲህ የጥንቱን መልክ ይዞ የቀረ ነው። የገጠር ሲኒ ነው ብሎ የሚንቀው ሰው ቢኖር ይህን ይወቅ።

እንዴት እንምረጥ?

አሮጌ ሲኒ ከአንጋጫ ልዋጭ ነጋዴ፣ ከሆሳዕናና ከዱራሜ ገበያ፣ ወይም አዲስ አበባ የሄደ ሰው በመርካቶ ምናለሽ ተራ ካገለገሉ ዕቃዎች መካከል ሊያገኝ ይችላል። ሲገኝም በመጀመሪያ ገልብጦ ሥሩን ማየት ይገባል። በሥሩ የታተመው ጽሑፍ የትውልድ ወረቀቱ ነውና። «ቼኮዝሎቫኪያ» የሚል ማኅተም ካለበት ከ1918 እስከ 1992 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የተሠራ ነው፤ በዚህ ስም የሚጠራ መንግሥት ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ አልነበረምና። «ዩ. ኤስ. ኤስ. አር.» የሚል ከሆነ ከ1922 እስከ 1991፣ «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ከሆነ ከ1949 እስከ 1990፣ «ኦኪዩፓይድ ጃፓን» የሚል ከሆነ ደግሞ ከ1945 እስከ 1952 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ መሠራቱን ያስረዳል። ይህ የመጨረሻው ጃፓን በጦርነት ተሸንፋ በባዕድ ጦር ሥር በነበረችበት ዘመን የተሠራ ስለ ሆነ፣ በትንሽ ሲኒ ሥር የአንድ ሕዝብ የመከራ ዘመን ተጽፎ ይገኛል። በሐዋሳው የታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ የተሠራ ሲኒ ቢገኝም የሀገር ልጅ ነውና አይናቅ።

ሁለተኛው ፈተና የድምፅ ነው። ሲኒውን በጣቶች ጫፍ ይዞ ከንፈሩን በጥፍር ቀስ አድርጎ መምታት ነው። ጤነኛ ከሆነ እንደ ትንሽ ደወል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ዓይን ያላየው ስንጥቅ ካለበት ግን ድምፁ የታፈነ ይሆናል። ሦስተኛው የብርሃን ፈተና ነው። ወደ ፀሐይ አንሥተው ጣትዎን ከኋላው ቢያደርጉ፣ ጥላው በግድግዳው በኩል ከታየ ስስና ጥሩ ፖርሰሊን ነው። በመጨረሻም ጣትን በከንፈሩ ዙሪያ ቀስ አድርጎ ማዞር ነው፤ ዓይን ያለፈውን ሽርፍራፊ ጣት አያልፈውም።

አጠባውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቡናና የሻይ እድፍ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ አድርጎ ቀስ ብሎ በማሸት ይለቃል። የብረት ሽቦና በረኪና ግን የወርቁን ቅብና ሥዕሉን ያጠፋሉ። እንደ አንጋጫ ባለው ብርዳም አገር ሲኒው በማለዳ እንደ በረዶ ስለሚቀዘቅዝ፣ የፈላ ቡና በድንገት ቢቀዳበት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ አስቀድሞ በለብ ባለ ውሃ ማለቅለቅ ይበጃል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስጠንቀቂያ ግን የሚከተለው ነው። በቀድሞ ዘመን የሸክላ ዕቃ ቅብና ቀለም ብዙ ጊዜ እርሳስ የተባለው ማዕድን ይገባበት ነበር። ቅቡ ከተፋቀ ወይም ሥዕሉ በሲኒው ውስጠኛ ክፍል ከሆነ፣ ትኵስና ኮምጣጣ መጠጥ፣ ለምሳሌ ሎሚ ያለበት ሻይ፣ እርሳሱን እየሸረሸረ ወደ ሆድ ያገባዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የሌለው ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም ይላል፤ ይልቁንም ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን ይጎዳል። ስለዚህ ውስጡ ቀለም የተቀባ፣ ቅቡ የተላጠ ወይም የተሰነጣጠቀ አሮጌ ሲኒ ለዓይን ጌጥ ይቀመጥ እንጂ አይጠጣበት። ለስጦታ ስንሰጠውም ይህንኑ ሳንደብቅ እንንገር፤ ወዳጅን በስጦታ መጉዳት አይገባምና።

ስለ ቅን ግብይት

አሮጌ ዕቃ መሰብሰብ የሚወድ ሰው በሁለት ነገር ይፈተናል። አንደኛው የዋጋ ነገር ነው። የዕቃውን ክብር የምናውቅ እኛ፣ የማታውቀው ግን ችግር ያስወጣት ባልቴት ብትሆን፣ በአላዋቂነቷ ተጠቅመን በርካሽ ብንወስድ ሕጋዊ ገበያ ነው ብለን ሕሊናችንን ማታለል አይገባንም። ከሁሉ አስቀድሞ «እናቴ፣ ይህ ዕቃ ደኅና ዋጋ አለው፤ ለልጆችዎ ሊያቈዩት አይፈልጉም?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። «አይ፣ ይሸጥልኝ» ካሉ ተገቢውን ዋጋ መክፈል ነው። እንዲህ ተደርጎ የተገኘ ሲኒ በረከት አለው፤ በብልጠት የተገኘው ግን በረከቦት ላይ ቢያምርም ልብን አያሳርፍም።

ሁለተኛው ፈተና ምንጩ ያልታወቀ ዕቃ ነው። ነጋዴው ከየት እንዳመጣው ሲጠየቅ የሚንተባተብ ከሆነ መተው ይሻላል፤ ገዢ ባይኖር ሌባም አይበረታምና። ይልቁንም የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት የሆነ ጽዋ፣ ጻሕል፣ መስቀል ወይም የብራና መጽሐፍ ከአሮጌ ዕቃ ጋር ተደባልቆ ሲቀርብ፣ «እኔ ባልገዛው ሌላው ይገዛዋል» በሚል ሰበብ እጅን ከማስገባት ፈጥኖ ለአጥቢያው አስተዳዳሪና ለባህል ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ የእያንዳንዱ ምእመን ግዴታ ነው። የሀገር ቅርስ በአዋጅ ቍጥር 209/1992 የተጠበቀ መሆኑንም ልብ ማለት ያሻል።

ለማን፣ መቼና እንዴት?

አሮጌ ሲኒ የሚያሳዝነው አብዛኛውን ጊዜ ጓደኞቹን አጥቶ ብቻውን መገኘቱ ነው። ስድስት ሆኖ ከሱቅ የወጣው ከጊዜ በኋላ ተሰባብሮ ሁለት ወይም አንድ ብቻ ይቀራል። ብዙ ሰው «ያልተሟላ ነው» ብሎ ይተወዋል። ለስጦታ ግን አንዱ ይበቃል፤ ይልቁንም አንዱ ይሻላል። ስድስት አንድ ዓይነት ሲኒ ለእንግዳ ሁሉ ይሆናል፤ አንድ ለብቻው የተመረጠ ሲኒ ግን «ይህን ሳይ አንተን አሰብሁ» ማለት ነው። ጎጆ ለሚወጡ ሙሽሮች ሁለት የማይመሳሰሉ ሲኒዎች መስጠትም መልካም ነው፤ ከሁለት ቤት መጥተው በአንድ ረከቦት እንደሚቀመጡ ያስተምራቸዋልና። አራስ ለመጠየቅ፣ ክርስትና ለተነሣ ልጅ ቤተ ሰብ፣ ከሕመም ለተነሣ ወዳጅ፣ ልጆቻቸው ርቀው ብቻቸውን ለቀሩ አረጋውያን እንዲህ ያለ ስጦታ ይስማማል።

በከምባታ «መሳላ» የሚባለው የመስቀል በዓል ሲደርስ፣ ከአዲስ አበባም ከሌላም አገር ልጆች ወደ ወላጆቻቸው ይሰበሰባሉ። ከሐዲያና ከከምባታ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ የሄዱ ወጣቶች ብዙዎች መሆናቸው የታወቀ ነው። በዓሉን አክብረው ሲመለሱ ቅቤና ቆጮ እንደሚቋጠርላቸው ሁሉ፣ እናት ስትጠጣበት የኖረችው አንድ ሲኒ አብሮ ቢቋጠር፣ በባዕድ አገር ብቻውን ቡና የሚያፈላው ልጅ የእናቱን ቤት በእጁ ይዟል ማለት ነው። ለመንገድ ሲታሰር ውስጡን በለስላሳ ጨርቅ ሞልቶ፣ ውጭውን በደረቅ የእንሰት ቅጠል ደጋግሞ ጠቅልሎ፣ ጆሮው ወደ ላይ እንዲሆን አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ከውስጡም የሲኒውን ታሪክ የያዘች ቍራጭ ወረቀት፣ ከማን እንደ ተገኘ፣ በስንት ዓ.ም.፣ በምን ምክንያት እንደ ተሰጠ ተጽፎባት ትግባ። ወረቀት የሌለው አሮጌ ሲኒ ከአንድ ትውልድ በኋላ ባለቤት የሌለው ዕቃ ይሆናልና።

ስድስተኛው ሲኒ

በአንጋጫ አካባቢ የነበሩ የአንዲት እናት ታሪክ ተነግሮናል። ባለቤታቸው በወጣትነታቸው፣ እንደ ብዙ የከምባታና የሐዲያ ሰዎች፣ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ወደ ጀመረው ወደ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ለሥራ ሄደው ሲመለሱ ስድስት ሲኒ ይዘው ገቡ። ሲኒዎቹ በበዓል ቀን ብቻ የሚወጡ ነበሩ። እናቲቱ አምስት ልጆች አሳደጉ፤ እያንዳንዱ ጎጆ ሲወጣ አንድ አንድ ሲኒ ሰጡ። ስድስተኛው በእጃቸው ቀረ፤ ልጆቹም ለማን እንደሚሰጥ መከራከር ጀመሩ።

በዚያው መንደር ዳር የሚኖሩ አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበሩ። የዚያ አገር ቤት ሁሉ ጀበናና ድስት ከእርሳቸው እጅ የወጣ ነው። ነገር ግን ሸክላ የሚሠሩ ወገኖች በከምባታም ሆነ በሌላው የደቡብ አገር ለረዥም ዘመን በሚያዋርድ ስም ሲጠሩ፣ ከሌላው ጋር በአንድ ገበታ ሳይቀርቡ ኖረዋል። ቡና ቢሰጣቸው እንኳ ለእነርሱ በተለየ ዕቃ ነበር፤ ሌላው የሚጠጣበት ሲኒ አይቀርብላቸውም። የምንጠጣውን ቡና በሠሩት ጀበና አፍልተን፣ ሲኒውን ግን ከእጃቸው መከልከላችን እንዴት ያለ ነገር ነው? ጀበናው ካልረከሰ ሲኒው እንዴት ይረክሳል?

እናቲቱ አንድ ቀን ሸክላ ሠሪዋን ወደ ቤታቸው ጠሩ። ቡና አፈሉ፤ በስድስተኛው ሲኒ በመጀመሪያ ራሳቸው ጠጡ፤ ከዚያም አለቅልቀው በዚያው ሲኒ ቀዱላቸው። ሲጨርሱ «እኅቴ፣ ይህ የአንቺ ነው፤ ነገ ደግሞ እኔ ካንቺ ቤት በእርሱ እጠጣለሁ» አሏቸው። በነጋታውም እንዳሉት አደረጉ። ከዘመዶቻቸው ያጉረመረሙ አልታጡም፤ ለጥቂት ጊዜም ወደ ቡናቸው መምጣት የተዉ ነበሩ። እርሳቸው ግን ለማንም መልስ አልሰጡም፤ ቡናውን ማፍላት ብቻ አላቋረጡም። ከጥቂት ወራትም በኋላ የቀሩት አንድ በአንድ ተመልሰው መጡ። እናቲቱ ባረፉ ጊዜ፣ በተዝካራቸው ቀን አምስቱ ልጆች ሲኒዎቻቸውን ይዘው ሲመጡ፣ ሸክላ ሠሪዋም ስድስተኛውን በነጠላቸው ጠቅልለው አመጡ። ከብዙ ዘመን በኋላ ስድስቱ በአንድ ረከቦት ላይ ተደረደሩ፤ ሸክላ ሠሪዋም ከልጆቹ መካከል ተቀመጡ።

ከዚህ የምንማረው ዕቃ ማስቀመጥ ብቻውን ሀብት እንዳልሆነ ነው። በመስተዋት ቁም ሣጥን ተቆልፎ የሚታይ ሲኒ ከገበያ የገዛነውን ያህል ዋጋ ብቻ ይኖረዋል። ለሰው የተሰጠው ግን በየእጁ በገባበት ጊዜ ዋጋው ይጨምራል።

ይህ ለኦርቶዶክሳዊ ቤተ ሰብ አዲስ ትምህርት አይደለም። በየወሩ በጻድቃንና በሰማዕታት፣ በእመቤታችንም ስም የምንጠጣው የጽዋ ማኅበር ሥርዓቱ ምንድን ነው? ጽዋው በአንድ ቤት አይቀርም፤ የዚህ ወር ባለተራ ለሚቀጥለው ያስረክባል፣ ተቀባዩም በክብር ይዞት ይሄዳል። ሀብታሙም ድኻውም ተራው ሲደርስ ጽዋው ወደ ቤቱ ይገባል። ጌታችንም በወንጌል ስለ አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውሃ የተናገረውን ቃል እናስታውሳለን፤ በዚያ ቃል የተመሰገነው የጽዋው ማማር ሳይሆን ለታናሹ መሰጠቱ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ቁም ሣጥናችሁን ዛሬ ክፈቱና ተመልከቱ። ተረስቶ የኖረ ሲኒ ካለ ገልብጣችሁ ሥሩን አንብቡ፤ ከማን እንደ መጣ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ንገሩ፤ ስንጥቅ ከሌለው አጥባችሁ አዘጋጁት። ከዚያ በኋላ የሚቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ በመንደራችን እስከ ዛሬ በእኛ ሲኒ ያልጠጣው ማን ነው?